ስድስት ቅዳሜ፣ አምስት «ማ» እና አንድ ጥቅል ለውዝ

አምና ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ የቆየ ደንበኛችን የ2012ን የቋሚ ንብረት እርጅና ዝርዝር ፈልጎ መጣ። ወንበር ሰጠነው፤ ሻይ አዘዝንለት። ትንሽ ቆይተን ሁለተኛ ሻይ አዘዝንለት። ውጭ የባህር ዳር የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፤ ውስጥ አራት ሰው ካርቶን ይገለብጣል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ማህደሩ ፎቶኮፒ ማሽኑ ስር ተገኘ። ማሽኑ ሲሠራ ስለሚነቃነቅ ለድጋፍ ያስገባነው እኛው ነን። ሰውየው አቧራውን እፍ ብሎ «እንኳንም ገንዘቤን እናንተ ጋ አላስቀመጥኩ» አለና ስቆ ሄደ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ቢሮ የሚያደራጅ ሰው የቀጠርነው። የአገልግሎቱን ስም አልጠራም። የምወቅሰው ነገር አለ፤ በእኔ ወቀሳ ደግሞ ገና የቆመ ልጅ እንጀራው እንዲዘጋ አልፈልግም። ግን ባህር ዳር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እየተበራከቱ ነው፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምን እንደምትገዙ ብታውቁት አይከፋም።

የሒሳብ ሥራ ቢሮ ነው ያለን። ስድስት ነን። ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ከያዝን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። 140 ገደማ ደንበኞች አሉን፤ ባለ ሱቅ፣ ባለ ሆቴል፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ ወደ ዘጌ የሚያመላልስ ባለ ጀልባ ሁሉ አለበት። እያንዳንዱ በየወሩ አንድ ፌስታል ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። ያ ሁሉ ፌስታል በዘጠኝ ዓመት ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ልጁ ፋብሪካ ውስጥ የካይዘን (ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) የልማት ቡድን መሪ ነበር። አሁን ከሁለት ረዳቶች ጋር የግሉን ይሠራል። ስድስት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ 24,000 ብር ተዋዋልን፤ ግማሹን በቅድሚያ ከፈልን። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የማሳወቂያ ጊዜ ጥቅምት 30 ካለቀ በኋላ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ እንዲጀምር ለመንኩት። በሐምሌም በጥቅምትም የሒሳብ ሰው ቢሮ ውስጥ ዕቃ አንቀሳቅሳለሁ የሚል ሰው ጠላት ነው።

እውነቱን ለመናገር ተጠራጥሬ ነው የገባሁበት። ካይዘን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆች 2009 የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) እያገዘ በ30 ያህል ድርጅቶች ላይ መሞከር ጀመረ፤ በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ አምስቱን «ማ» አይቷቸዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ጃፓኖቹ ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ፣ ሺትሱኬ ይሏቸዋል። አምስቱም በላቲን ፊደል ሲጻፉ በ«S» እንደሚጀምሩ ሁሉ አማርኛውም አምስቱን በ«ማ» ማስጀመሩ ተርጓሚውን ያስመሰግነዋል። እኔ ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ግን ፖስተሩ የተሰቀለው የግድግዳውን ስንጥቅ ለመሸፈን ነበር። በመጀመሪያው «ማ» ተጣርቶ መውደቅ የነበረበት ዕቃ ራሱ ፖስተሩ ነው እንል ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በሳቅ ተጀመረ። ልጁ ቆሞ «ዛሬ ከዚህ ቢሮ ሙዳ እናስወግዳለን» አለ። ጋሼ፣ ማለትም ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው የሒሳብ ሠራተኛችን፣ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው «ጾሙ እኮ ገና ነው» አሉት። እሱ የሚለው ሙዳ በጃፓንኛ ብክነት ነው፤ ሰባት ዓይነት አለው፤ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ያለ ምክንያት መመላለስ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ማከማቸት እያለ ይቀጥላል። ልጁ ቀልዱን አልጠላውም። እንዲያውም ከዚያ ወዲያ ራሱ «ይኼ ሥጋ የሌለው ሙዳ ነው» ይል ጀመር።

ማጣራቱ የሚሠራው በቀይ ካርድ ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ ሁሉ ቀይ ካርድ ይለጠፍበታል፤ ካርዱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ ቀኑና ለምን እንደተቀመጠ ይጻፋል። ዕቃው አንድ ጥግ ላይ ለ30 ቀን ይቆያል፤ ፈላጊ ካልመጣ ይወጣል። ጋሼ ካርዱ የእሳቸው መሳቢያ ላይ ሲለጠፍ «ቢጫ እንኳ ሳታሳየኝ?» ብለው ተቆጡ። መሳቢያው ሲከፈት ምን ወጣ? በር የሌላቸው 23 ቁልፎች፣ ወረቀት የሚተፋ የድሮ ሒሳብ ማሽን፣ ያልወጣላቸው የሎተሪ ዕጣዎች፣ የደረቀ የማህተም ቀለም፣ ጣሳ ሙሉ የዛገ አግራፍ። እያንዳንዱን አንስተው «ለክፉ ቀን ይሆናል» እያሉ መልሰው ያስቀምጣሉ። ልጁ ደግሞ አይቆጣም፤ አይከራከርም። «እሺ ጋሼ፤ ክፉው ቀን የመጣ ዕለት ከየት እንደሚያነሱት ብቻ ይጻፉልኝ» ይላቸዋል። ጋሼ መጻፉ ሲሰለቻቸው ራሳቸው ወደ መጣያው ይወረውሩት ጀመር። ይህን ትዕግሥት 24,000 ብሩ ውስጥ አስገቡት።

ከመሳቢያው ጀርባ ተሰክቶ ግን አንድ ፖስታ ተገኘ። ከላዩ በጋሼ ጽሕፈት «የትንሳኤ በግ መዋጮ» ይላል። ውስጡ 14 ባለ መቶ ብር ኖት፣ ያውም አሮጌው። ብሩ የተቀየረው መስከረም 2013 ነው፤ ለመቀየሪያ የተሰጠው ሦስት ወር ብቻ ነበር። መዋጮው የተሰበሰበ ዓመት ፖስታው ጠፋ ተብሎ ድጋሚ አዋጥተን፣ አንዲት ልጅ ላይ በዓይን ብቻ ተጠራጥረንባት ነበር። ልጅቷ አሁን ሌላ ቦታ ነው የምትሠራው። ጋሼ ስልክ ደውለው ይቅርታ ጠየቋት። ከዚህ በኋላ ማንም ቀይ ካርድ አልተከራከረም።

ማስቀመጥ ላይ ነው ልጁም የተማረው፣ እኛም የተማርነው። ጸሐፊያችንን ግማሽ ቀን ከኋላዋ እየተከተለ የምትሄድበትን ሁሉ በወረቀት ላይ በእስክርቢቶ አሰመረ። ሲጨርስ የሕፃን ጭረት መሰለ። አንድ ደብዳቤ ለማውጣት አራት ጊዜ ትነሣለች፤ ማተሚያው፣ ፊርማው፣ ማህተሙ፣ መዝገቡ። መስመሩ በሙሉ እየዞረ የሚያልቀው ደግሞ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማህተሙን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ስለማስቀምጥ። ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝና ምንም አላለም። እንዲህ ያለ ነገር በደንብ ያውቅበታል። ማህተሙ አሁን ጸሐፊዋ አጠገብ ባለች ትንሽ ካዝና ውስጥ ነው፤ ቁልፉ በእሷና በእኔ እጅ አለ።

የማህደሮቹ ጉዳይ ግን አስቸገረው። ይዞት የመጣው የፋብሪካ መለያ ለብሎን የሚሆን እንጂ ለሰው ስም አይሆንም። መጀመሪያ በፊደል ተራ እንደርድር አለ። ደረደርን። በማግስቱ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ደንበኛ ጠፋ። ጸሐፊዋ በ«ሀ» ፈለገችው፤ አዲሱ ሠራተኛችን በ«ሐ» አስቀምጦታል፤ ጋሼ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ «ኃይል በብዙኃኑ ኀ ነው!» ብለው ጠረጴዛ መቱ። ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። አንድ ፀሐይ የምትባል ባለ ሆቴል ሁለት ማህደር እንዳላት ያወቅነው ያን ዕለት ነው፤ አንዱ በጸሎቱ፣ አንዱ በፀሐዩ። ለዓመታት ወረቀቷ ለሁለት ሲከፈል ኖሯል።

መፍትሔውን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ወጣት ሆነው መዝገብ ቤት ሠርተዋል። «ስም ተውት፤ ቲን ቁጥሩን ያዙ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች» አሉ። ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አሥር አኃዝ ነው፤ መጀመሪያው ይመሳሰላል፣ መጨረሻው ግን ይበታተናል። ከ00 እስከ 99 መቶ ቦታ ተበጀ፤ 140ው ደንበኛ እዚያ ላይ ሲከፋፈል በአንዱ ቁጥር ስር የሚገባው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ቲኑ ደረሰኙ ላይ አለ፤ ፊደል የሚያከራክር የለም። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ለቀጣዩ ቢሮ የጋሼን ዘዴ የራሱ አድርጎ እንደሚሸጠው እርግጠኛ ነኝ፤ ይሽጠው።

የእሱ ድርሻ የሆነውና እስከ ዛሬ የምወደው ነገር ሌላ ነው። ቦክስ ፋይሎቹ በተራ ከቆሙ በኋላ ጀርባቸው ላይ ከግራ ላይኛው ጫፍ ጀምሮ እስከ ቀኝ ታችኛው ጫፍ በሰያፍ አንድ ቀይ ፕላስተር ለጠፈ፤ ከዚያ በየፋይሉ መካከል በምላጭ ቆረጠው። እያንዳንዱ ፋይል ጀርባ ላይ የመስመሩ ቁራጭ ቀረ። አንዱ ከወጣ መስመሩ ይበጠሳል፤ መደርደሪያው ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስላል። ያለ ቦታው ከገባም መስመሩ ይሰበራል፤ ከበሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ማንም ማንንም «መልሰው» አይልም፤ እጅ ራሱ ይሄዳል። ለዚህ የወጣው ሁለት ጥቅል ፕላስተር ነው። መደርደሪያውን ለብቻ ነው ያሠራነው፤ ብረት በያጆች በአንግልና በላሜራ በ11,500 ብር ሠሩልን። በሁለተኛው ቅዳሜ መጨረሻ ልጁ ሰዓት ይዞ ስም እየጠራ ፈተነን። ረጅሙ 41 ሰከንድ ፈጀ፤ እሱም ጋሼ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ነው።

ማጽዳቱን ብዙ አላወራውም። ታጠበ፣ ተወለወለ። መስኮቱን ዘጠኝ ዓመት ጋርደውት የኖሩት ካርቶኖች ሲነሡ ጣና ታየ፤ ዘንባባውና ከሩቅ ጀልባዎቹ። ሁላችንም ቆመን አየን። ከዚያ ነፋሱ ገብቶ የአንድ ደንበኛ የጥቅምት ደረሰኝ በሙሉ ወለሉ ላይ በተነው። ማታ ላይ ደግሞ የሐይቁ ትንኝ መብራት አይቶ ገባ። ወንፊት ሽቦ እስክናስገጥም ድረስ መስኮቱ ተመልሶ ተዘጋ።

አሁን ወደ ለውዙ ልምጣ።

ከማጣራቱ የወጣው ወረቀት 11 ማዳበሪያ ሞላ። የታክስ አስተዳደር አዋጁ ሰነድ ቢያንስ 5 ዓመት ይቆይ ይላል፤ የንግድ ሕጉ ደግሞ 10 ዓመት፤ ከሁለቱ የሚረዝመው ነው የሚገዛን። ስለዚህ ያወጣነው ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን፣ ከቀድሞ ቢሯችን ይዘነው የመጣነውን ብቻ ነው። በሕግ በኩል ንጹሕ ነን። ልጁ «ማስወገዱን ለእኛ ተዉት፤ ከዋጋው ውስጥ ነው» አለ። ተውነው።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቅዳሜ መካከል አንድ ደንበኛ ደወለ። ሐይቁ ዳር ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ለውዝ ገዝቷል። «እትዬ፣ የሠራተኞቼን የ2003 ደመወዝ ከለውዝ ጋር እየበላሁት ነው» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና ተቀመጥኩ።

ረዳቶቹ ማዳበሪያውን ለቆራሌው ሸጠውታል። ቆራሌው ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ለለውዝና ለቆሎ ሻጮች። አንድ ገጽ ለሁለት ተቀዶ፣ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ታጥፎ። ሰውየው ጥቅሉን ሲዘረጋው የአንድ ዘበኛ ስም፣ የተጣራ ክፍያና ፊርማ።

ልጁን ጠራሁት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ በባጃጅ ደረሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ይህን ለእሱ እመሰክርለታለሁ፤ በረዳቶቹ አላመካኘም። አብረን ሐይቁ ዳር ወረድን። ከአንዲት ልጅ ሰፌድ ላይ 37 ጥቅል ነበር፤ ሁሉንም ገዛን። ልጅቷ በደስታ እየሳቀች ስትቆጥር እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ለውዙን ወደ ፌስታል፣ ወረቀቱን ወደ ጭናችን እያራገፍን እናነባለን። ሰባቱ የእኛ ነበሩ። ቀሪው የተማሪ ደብተር ነው፤ አንዱ ደግሞ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው እንጂ የሌላ ሒሳብ ቢሮ ወረቀት ነው። ከዚያ ወደ ቆራሌው፣ ከቆራሌው ወደ ቸርቻሪው። ዘጠኝ ማዳበሪያ ሳይነካ አገኘን፤ ከተሸጠበት በላይ ከፍለን መለስነው። ሁለቱ ሄደዋል። ቢሮ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ለውዝ ነው የበላነው።

አገልግሎቱን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ ወቀሳው ደግሞ ልጁ ሆን ብሎ መጥፎ ስለሠራ አይደለም። የተማረው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚጣለው ብረትና ጨርቅ ነው፤ ከበር ከወጣ ወዲያ ስለማንም አያወራም። የቢሮ ቆሻሻ ግን ይናገራል። ማጣራትን እንደዚያ አሳምሮ ሲያስተምር «የተጣራው የት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ትምህርቱ ውስጥ አልነበረም። እኔም ብሆን አልጠየቅኩትም፤ ለደንበኞቼ ምስጢር የምጠየቀው እኔ ሆኜ ሳለሁ። ሁለት ማዳበሪያው ውስጥ ወረቀታቸው ይኖራል ያልናቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ ደውዬ ነገርኳቸው። ሦስቱ ለቀውናል።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። የሚጣል ወረቀት በርሜል ውስጥ ውኃ ይሞላበትና ሁለት ሌሊት ያድራል። ቢሯችንን የሚያጸዱት እማማ በዱላ ይወቅጡታል፤ ጨምቀው በእጃቸው እንደ ኳስ ያደቦለቡሉትና ጣራ ላይ ያሰጡታል። ሲደርቅ ከከሰል ጋር ይነዳል። የመቁረጫ ማሽን ጠይቀን ነበር፤ በዋጋውም በመብራቱም ተስፋ ቆረጥን። የእማማ በርሜል አይቋረጥም።

አራተኛው «ማ» ላይ ልጁ የፋብሪካ ልማዱ ተነሣበት። ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለወንበር፣ ለቆሻሻ መጣያ፣ ለአበባ ማሰሮ ሳይቀር። እማማ በየጠዋቱ በበረኪና ስለሚወለውሉት በሦስት ሳምንት ተላቀቀ፤ ቅሪቱ አሁንም ጫማ ላይ ይጣበቃል። ጠረጴዛዬ ላይ የስቴፕለሬን ቅርጽ በማርከር ዙሪያውን ስሎ «የስቴፕለር ቦታ» ብሎ ጽፏል። ለመፍቻና ለመዶሻ ይሆን ይሆናል፤ እኔ ስቴፕለሬ የት እንዳለ አውቃለሁ። ደረሰኞቹንም በፕላስቲክ ማቀፊያ እንድናስገባ መክሮ ነበር፤ ይህን አልሰማሁትም። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚጻፍ ወረቀት ነው፤ እንዲሁም ይደበዝዛል፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ደግሞ ያባብሰዋል። እኛ ፎቶኮፒ አድርገን ከዋናው ጋር እናያይዛለን።

ማዝለቅ የተባለው አምስተኛው በየሳምንቱ ነጥብ የሚሞላበት ቅጽ ነው። ለሁለት ወር ሞላን። ከዚያ ጸሐፊዋ የአራት ሳምንቱን በአንድ ቀን ስትሞላ ያዝኳትና ቅጹን ራሴ ቀይ ካርድ ለጠፍኩበት። በምትኩ አርብ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ስልክ አናነሣም፤ ሁሉም የየራሱን ጠረጴዛ ባዶ አድርጎ ይወጣል።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ተፈተንን። ያው ደንበኛ፣ የአምናው፣ በዝናብ መጣ። የ2014ን ፈልጎ። ቲኑን ጠየቅነው፤ ማህደሩን ሰጠነው። ሻይ ልናዝዝለት ስንል ቆሞ አንብቦ ጨርሶ ነበር። «ሻዩስ?» አለ።

ገንዘቡን ያወጣል ወይ ለምትሉኝ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ያወጣሉ፤ ቀሪዎቹን ሦስቱን ራሳችሁ ልትሠሯቸው ትችላላችሁ። እንደገና ብዋዋል ኖሮ 12,000 እከፍልና ከሦስት ወር በኋላ ለአንድ ቀን ተመልሶ እንዲያይ እጨምርበት ነበር። ውሉ ላይ የሚጣለው ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋና ማን ቆሞ እንደሚያይ በጽሑፍ ይግባ። ልጁ ከለውዙ በኋላ 4,000 ብር ከቀሪው ክፍያ ሳልጠይቀው ቀንሷል፤ አሁን በሚሠራባቸው ቢሮዎች በርሜል ይዞ እንደሚገባም ሰምቻለሁ።

ፎቶኮፒ ማሽኑ ስር አሁን ያለው እንጨት ነው። እንጨቱ ላይ መለያ ተለጥፎበታል፦ «የፎቶኮፒ ማሽን አራተኛ እግር»።